ስትሪፕ የማያሳየው ፕሮቲን፦ በሽንት ውስጥ ላይት ቼይንን እንዴት እንፈልጋለን?

በአዳማና በዙሪያዋ በወገብና በጀርባ ሕመም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የአብዛኞቹ ሕመም ከሥራ ጫና፣ ከጡንቻ ወይም ከዲስክ የሚመጣ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመኖራችን ደግሞ ሌላ የታወቀ ምክንያት አለን፤ ይኸውም ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ነው። በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ አካባቢ የአጥንት ፍሎሮሲስ መኖሩ ከታወቀ አሥርት ዓመታት ያለፉ በመሆኑ፣ ጥርሳቸው የበለዘና ወገባቸውን እንደ ልብ ማዘዝ ያቃታቸው አዛውንት ሲመጡ የባለሙያው ሐሳብ ወዲያው ወደ ውኃው ይሄዳል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ምርመራው እዚያው ላይ ሲቆም ነው። መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰርም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወገብና በጎድን አጥንት ሕመም ነውና። በራጅ ሲታይ ፍሎሮሲስ አጥንትን ያጠጥረዋል፣ ነጭነቱንም ያበዛዋል፤ ማይሎማ ግን አጥንቱን እየቦረቦረ ክፍተት ይተውበታል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ለሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲሁም ናሙናውን በቤት ውስጥ ለሚያሰባስቡ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፤ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን ኔጋቲቭ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሐኪሙም ታካሚውም በሽንቱ ውስጥ ምንም ዓይነት ፕሮቲን የለም ማለት እንደሆነ አድርገው ይረዱታል። ስትሪፑ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚለወጠው የምርመራ ወረቀት፣ የሚናገረው ግን በደም ውስጥ በብዛት ስለሚገኘው ፕሮቲን፣ ስለ አልቡሚን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። በመቅኔ ውስጥ ያሉት ፕላዝማ ሴሎች እያንዳንዱን አንቲቦዲ ከሁለት ከባድና ከሁለት ቀላል ሰንሰለቶች አገጣጥመው ይሠሩታል። ቀላሉ ሰንሰለት በሙያው ላይት ቼይን የሚባለው ሲሆን፣ ካፓ ወይም ላምዳ ከሚባሉት ሁለት ዓይነቶች አንዱን ይሆናል። በማይሎማ እንደሚሆነው አንድ የፕላዝማ ሴል ዘር ከቁጥጥር ውጭ ሲራባ የሚያመርታቸው ላይት ቼይኖች ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ከከባዱ ሰንሰለት ጋር ሳይገጣጠሙ የሚቀሩትም ወደ ደም ይፈስሳሉ። የአንዱ ላይት ቼይን ክብደት ከ22 እስከ 25 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ በመሆኑ፣ 66 ኪሎዳልተን ከሚመዝነው አልቡሚን በተለየ የኩላሊትን ማጣሪያ በቀላሉ ያልፋል። ጤናማ ኩላሊት የሚያልፈውን ጥቂት መጠን መልሶ ይይዘዋል፤ ምርቱ ሲበዛ ግን የኩላሊቱ ቱቦዎች ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸዋል፣ ትርፉም ከሽንት ጋር ይወጣል። እዚያው ቱቦ ውስጥ እየረጋ ኩላሊትን የሚዘጋውና የሚጎዳውም ይኸው ፕሮቲን ነው።

ይህ ፕሮቲን በሙያው ቤንስ ጆንስ ፕሮቲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ውስጥ አጥንቱን በጽኑ ይታመም የነበረ አንድ ታካሚ ሽንት ሲሞቅ ያልተለመደ ጠባይ አሳየ፤ ሐኪሞቹ ናሙናውን ለሄንሪ ቤንስ ጆንስ ላኩለት፣ እርሱም መርምሮ ግኝቱን በ1847 እና በ1848 አሳተመ። ፕሮቲኑ ላይት ቼይን መሆኑ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1962 በኤደልማንና በጋሊ ሥራ ነው። ከማይሎማ ሌላ ላይት ቼይን በአካል ክፍሎች ውስጥ በሚከማችበት በኤኤል አሚሎይዶሲስ፣ የሊምፍ ሴል ካንሰር በሆነው በዋልደንስትሮም ማክሮግሎቡሊኔሚያ፣ አልፎ አልፎም በሌሎች የሊምፍ ሴል ካንሰሮች ይታያል። ገና በሽታ ሳይሆን ክትትል ብቻ በሚያስፈልገው ኤምጂዩኤስ በሚባለው ሁኔታም በጥቂቱ ሊገኝ ይችላል።

ምርመራው ለማን ይታዘዝ? ዕድሜው የገፋ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ያለበት፣ የኩላሊት ድካም ምልክት የሆነው ክሬአቲኒኑ የጨመረ፣ ካልሲየሙ ከፍ ያለ፣ የአጥንት ሕመሙ ለሳምንታት የቆየና ሌሊት የሚብስበት ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስበት ሰው ሲገኝ ሊታሰብ ይገባል። ላቦራቶሪው ራሱም ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ኢኤስአር (የቀይ የደም ሴሎች የመዝቀጥ ፍጥነት) ከመቶ በላይ ሲወጣ፣ በደም ስሚር ላይም ቀይ የደም ሴሎች እንደተደረደረ ሳንቲም ተያይዘው ሲታዩ፣ ባለሙያው ውጤቱን ጽፎ ዝም ከማለት ይልቅ ለሐኪሙ ቢያስታውቅ ትልቅ ውለታ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ በሽታው ላይት ቼይን ብቻ የሚያመርት ከሆነ ኢኤስአሩ ብዙም ላይጨምርና ስሚሩም እንዲህ ያለ መልክ ላያሳይ ስለሚችል፣ የሽንት ምርመራው ዋጋ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ፍተሻ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚሸናው የጠነከረ ሽንት ይበቃል። የፕሮቲኑን መጠን ለማወቅ ግን የ24 ሰዓት ሽንት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ይኸው ነው። የሚበላሽበት ምክንያት የታካሚው ቸልተኝነት ሳይሆን የእኛ ማስረዳት ማነስ ይመስለኛል። መያዣውን ሰጥቶ «የ24 ሰዓት ሽንት አምጡ» ማለት አይበቃም። ለአንዲት እናት እንዲህ ብሎ መናገር ይቻላል፦ «እማማ፣ ነገ ጠዋት ሲነሡ የመጀመሪያውን ሽንትዎን እዚህ ውስጥ አይጨምሩት፣ ሽንት ቤት ይድፉት፤ ሰዓቱን ግን ለልጅዎ ይንገሯትና ትጻፈው። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ፣ የሌሊቱም ጭምር፣ እዚህ ይግባ። ከነገ ወዲያ ጠዋት በዚያው ሰዓት የሚሸኑት የመጨረሻው ነው፤ እሱም ይጨመራል።» ከዚያም መልሰው እንዲነግሩን መጠየቅ ይገባል። የመጀመሪያው እንደሚደፋና የመጨረሻው እንደሚጨመር በራሳቸው አንደበት ከተናገሩ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው።

መያዣው ከላቦራቶሪው የሚሰጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር፣ ብዙ ለሚሸና ሰው ደግሞ ሦስት ሊትር የሚይዝ ንጹሕና ክዳኑ የሚገጥም መሆን አለበት። በሳሙና ወይም በበረኪና የታጠበ ጀሪካን፣ ለስላሳ የነበረበት ጠርሙስ ወይም ዘይት የነካው ዕቃ አይሆንም፤ ምንም አማራጭ ከጠፋ ገና የተከፈተ የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃው ተደፍቶ ሊያገለግል ይችላል። ለሴቶች ሽንቱን መጀመሪያ በንጹሕ ፖፖ ተቀብሎ ወደ መያዣው መገልበጥ ይቀላል። ሰገራ እንዳይቀላቀል ሰገራ ከመውጣቱ በፊት መሽናት ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ብትጠብቅ ይሻላል፤ ደሙ በራሱ ፕሮቲን ነውና። ምግብና ውኃ እንደ ወትሮው ይወሰዳል፤ ሽንት ይብዛ ብሎ ያለ ልክ መጠጣት አያስፈልግም። ከዚህ በፊት በነበሩት ቀናት በደም ሥር የራጅ ወይም የሲቲ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ከሆነ ግን ለላቦራቶሪው መንገር ግድ ነው፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይገለጻል።

የአዳማ ሙቀት ሽንትን ቶሎ ያበላሻል። ባክቴሪያ ሲራባ የሽንቱ አሲድነት ይለወጣል፣ ፕሮቲኑም ይፈራርሳል፤ ስለዚህ መያዣው ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ መቆየት አለበት። ምግብ ባለበት ፍሪጅ ውስጥ ሽንት ማስቀመጥ ብዙ ቤተሰብ ይከብደዋል፣ መክበዱም አይፈረድበትም፤ በሁለት ጥቁር ፌስታል ጠቅልሎና አጥብቆ አስሮ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ችግሩን ያቃልለዋል። ፍሪጅ የሌለው ቤት ደግሞ መያዣውን በረዶ በተጨመረበት ባልዲ ውስጥ አድርጎ ጥላ ሥር ያቆየዋል። መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሆነም ይኸው ዘዴ ያገለግላል።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሲደርስ መጀመሪያ ጠቅላላ መጠኑ በሚሊ ሊትር ይለካል፤ ከመለካቱ በፊት ግን መያዣው ቀስ ተብሎ መገላበጥ አለበት፣ የረጋ ዝቃጭ ከታች ሊቀር ይችላልና። ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ለሁለት ቱቦ ተከፍሎ አንዱ ለዚሁ ላቦራቶሪ፣ ሌላው ወደ ሌላ ቦታ ለሚላከው ይቀመጣል። የተረፈውም ውጤቱ እስኪደርስ ባይደፋ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ሁለት ነገሮችን ማነጻጸር ነው። ሽንቱ በሴንትሪፊዩጅ ከዞረ በኋላ ከላይ ያለው ጥርት ያለው ክፍል ይወሰድና በአንድ በኩል በስትሪፕ፣ በሌላ በኩል ፕሮቲንን በሚያረጋው በሰልፎሳሊስሊክ አሲድ ይታያል። የስትሪፑ ቀለም የሚለወጠው በዋናነት በአልቡሚን ሲሆን ለላይት ቼይን እጅግ ደካማ ነው። ሰልፎሳሊስሊክ አሲድ ግን አልቡሚኑንም ላይት ቼይኑንም ሳይለይ ያረጋል። ሪኤጀንቱን፣ ማለትም የመመርመሪያውን ፈሳሽ፣ ለማዘጋጀት 3 ግራም ሰልፎሳሊስሊክ አሲድ በተጣራ ውኃ ይሟሟና ወደ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጣል፣ ከደፈረሰም ይጣላል። 3 ሚሊ ሊትር ሽንት በቱቦ ውስጥ ይደረግና እኩል መጠን ሪኤጀንት ይጨመርበታል፤ ቱቦው ተገላብጦ ከተቀላቀለ በኋላ ጥቁር ወረቀት ከኋላው ተደርጎ ሪኤጀንት ካልተጨመረበት ከዚያው ሽንት ጋር ይነጻጸራል። ቀለል ያለ ጉም፣ ፊደል የሚነበብበት ድፍርስነት፣ ፊደል የማይነበብበት ድፍርስነት፣ በመጨረሻም የሚቋጠር ዝቃጭ እየተባለ ደረጃ ይሰጠዋል።

ስትሪፑ ኔጋቲቭ ወይም እጅግ ጥቂት ሆኖ ሰልፎሳሊስሊክ አሲዱ በግልጽ ካደፈረሰው፣ ላይት ቼይን ሊኖር እንደሚችል ጠንካራ ጥቆማ ነው። በተቃራኒው ስትሪፑ ፖዘቲቭ ሆኖ አሲዱ ምንም ካላሳየ ሽንቱ አልካሊ የበዛበት ሊሆን ስለሚችል ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መጠኑን፣ ማየት ተገቢ ነው። ቀደም ሲል የተነሣው የራጅ መድኃኒትና በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ፔኒሲሊን ያለ ፕሮቲን አሲዱን ሊያደፈርሱት ይችላሉ፤ ስለዚህ የታካሚውን መድኃኒት ሳይጠይቁ ውጤት መስጠት አይገባም። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ አልቡሚን መኖሩ የተረጋገጠ ቢሆንም ላይት ቼይን ከሥሩ ተሸፍኖ ሊኖር ይችላል። የዚህ ፍተሻ ወጪ ጥቂት ነው፣ ጊዜውም አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ስትሪፕ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ሁሉ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ደረጃ የድሮው የሙቀት ምርመራ ነው። ላይት ቼይን ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይረጋል፣ ወደ መፍላት ሲጠጋ መልሶ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይረጋል፤ አልቡሚን ግን አንዴ ከረጋ አይመለስም። አሠራሩ ይህን ይመስላል። 17.5 ግራም ሶዲየም አሲቴት ትራይሃይድሬትና 4.1 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ በተጣራ ውኃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ተሞልቶ ፒኤቹ ወደ 4.9 የተጠጋ በፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) ይዘጋጃል፤ አሲዱ የሚያቃጥልና ትነቱ የሚጎዳ ስለሆነ ጓንት አድርጎና መስኮት ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። 4 ሚሊ ሊትር ጥርት ያለ ሽንት ከ1 ሚሊ ሊትር በፈር ጋር ይቀላቀልና በ56 ዲግሪ የውኃ ባዝ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል። በአጠገቡ የጤነኛ ሰው ሽንት ያለበት ሌላ ቱቦ ተመሳሳይ ነገር ተደርጎበት እንዲቀመጥ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዓይን ያለ ማነጻጸሪያ ይሳሳታል። ደመና ወይም ዝቃጭ ከታየ ቱቦው ወዲያው ወደሚፈላ ውኃ ተዛውሮ ለ3 ደቂቃ ይቆያል፤ ድፍርስነቱ ከቀነሰ ቤንስ ጆንስ ፕሮቲን ይጠረጠራል። ድፍርስነቱ ከጨመረ አልቡሚንና ሌሎች ፕሮቲኖች ጣልቃ ገብተዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ትኩሱ ፈሳሽ ሳይቀዘቅዝ በማጣሪያ ወረቀት ይጣራል፣ የወረደው ጥርት ያለ ፈሳሽ እየቀዘቀዘ ሲሄድ መደፍረስ አለመደፍረሱም ይታያል። ማጣሪያው ፉነልና ተቀባዩ ቱቦ አስቀድመው በፈላ ውኃ መሞቅ አለባቸው፤ ካልሆነ የምንፈልገው ፕሮቲን ወረቀቱ ላይ ረግቶ ይቀርብናል።

እዚህ ላይ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የአዳማን መልክዓ ምድር ማየት ይጠይቃል። መጻሕፍቱ «100 ዲግሪ» ይላሉ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ወይም 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እሳቱ ምንም ቢበረታ ከዚያ አያልፍም። አንዳንድ ላይት ቼይን በዚህ ሙቀት የሚሟሟው በከፊል ብቻ ነው፤ በመሆኑም ሙሉ በሙሉ ጥርት እስኪል ጠብቆ «አልጠራም፣ ስለዚህ ኔጋቲቭ ነው» ማለት ታካሚን ሊጎዳ የሚችል ድምዳሜ ነው። የሚታየው ለውጡ ነው፤ በ56 ዲግሪ ከነበረው በመፍላት ላይ ያለው ቀንሷል ወይ? ቴርሞሜትር ባዙ ውስጥ አስገብቶ የተነበበውን ዲግሪ በውጤቱ ወረቀት ላይ መጻፍም ለሚያነበው ሐኪም ይጠቅመዋል። በአጠቃላይ ይህ ምርመራ ጥቂት መጠን ያለውን ፕሮቲን ስለሚስት፣ ፖዘቲቭ ሲሆን ለመቸኮል ምክንያት ይሁነን እንጂ ኔጋቲቭ ሲሆን ለመተው ምክንያት ሊሆነን አይገባም።

ማረጋገጫው ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ የሚለያየው ኤሌክትሮፎሬሲስና የተለየውን ፕሮቲን ዓይነት በአንቲቦዲ የሚያሳየው ኢሚዩኖፊክሴሽን ነው። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ አስቀድሞ ወደ ተቀባዩ ላቦራቶሪ ስልክ ደውሎ የትኛውን ምርመራ እንደሚሠራ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚፈልግና በየትኛው ቀን እንደሚቀበል መጠየቅ ናሙናውን ከብክነት ያድናል። በፍጥነት መንገዱ ሩቅ ባይሆንም በሚኒባስ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ የተጓዘ ሽንት ዋጋ የለውም፤ የበረዶ ጥቅል ባለው የክትባት መያዣ ሳጥን ይላክ። በወረቀቱ ላይ የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ጠቅላላ መጠን፣ የስትሪፑና የሰልፎሳሊስሊክ አሲዱ ውጤት ይጻፍ። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብሎ በግልጽ ማስፈር ይገባል፤ «1፡00» ብቻ ከተጻፈ ተቀባዩ ላቦራቶሪ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያለው ሰዓት ይመስለዋል። ከሽንቱ ጋር የደም ናሙናም አብሮ ቢሄድ መልካም ነው፤ የደም ኤሌክትሮፎሬሲስ፣ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ የነጻ ላይት ቼይን ልኬት፣ ሽንቱ ያልተናገረውን ይናገራል። በነጻ ላይት ቼይን ልኬት የካፓና የላምዳ ንጽጽር በብዛት በሚሠራበት ዘዴ ከ0.26 እስከ 1.65 ሲሆን ትክክለኛ ነው ይባላል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ግን የላይኛው ወሰን ከፍ ይላል።

ውጤቱ ሲመጣ በኤሌክትሮፎሬሲሱ ሥዕል ላይ አንድ ቀጭንና ሹል ጫፍ ይፈለጋል። ኢሚዩኖፊክሴሽን ያ ጫፍ ካፓ ወይም ላምዳ መሆኑን ይለያል፤ ከሁለቱ በአንዱ መስመር ላይ ብቻ ጥርት ያለ ባንድ ከታየ ፕሮቲኑ የአንድ ሴል ዘር ምርት ነው። በሁለቱም መስመሮች ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ ደብዛዛ ባንዶች ሲታዩ ግን ብዙውን ጊዜ የኩላሊት ቱቦ ጉዳት ወይም የቆየ ብግነት እንጂ ማይሎማ አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። ጠቅላላ ሽንቱ 1800 ሚሊ ሊትር፣ ፕሮቲኑም በዴሲ ሊትር 150 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ 18 ዴሲ ሊትር በ150 ተባዝቶ በቀን 2700 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ሹሉ ጫፍ ከዚህ 70 በመቶውን ከያዘ ያልተለመደው ፕሮቲን 1890 ሚሊ ግራም ነው። የጤነኛ ሰው ጠቅላላ የሽንት ፕሮቲን በቀን ከ150 ሚሊ ግራም በታች ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት በቀን 500 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ የአንድ ዘር ፕሮቲን ከኤምጂዩኤስ ደረጃ ያለፈ መሆኑን ያመለክታል፤ 200 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የሕክምናን ውጤት በዚሁ መለኪያ መከታተል ይቻላል። ይሁን እንጂ ማይሎማ ነው ወይም አይደለም የሚለው የሚወሰነው በመቅኔ ምርመራ፣ በካልሲየም፣ በኩላሊት ሁኔታ፣ በደም መጠንና በአጥንት ምስል ተደምሮ ነው፤ የሽንት ውጤት ብቻውን ለታካሚ «ካንሰር አለብዎ» ለማለት አያበቃም፣ በላቦራቶሪ መስኮት ላይ የሚነገር ነገርም አይደለም።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ታካሚው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ለወገብ ሕመም ተብለው የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ በላይት ቼይን የተጨነቀን ኩላሊት በፍጥነት ሊያደክሙት ይችላሉ። ስለዚህ ላይት ቼይን የተጠረጠረበት ሰው እነዚህን ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ እንዳይወስድ፣ ሐኪሙንም ሌላ ማስታገሻ እንዲጠይቅ ይነገረው። ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር ውኃ በደንብ ይጠጣ። በደም ሥር የሚሰጥ የራጅ መድኃኒት ከታዘዘለት ጥርጣሬው ለራጅ ክፍሉ አስቀድሞ ይገለጽ።

ኤምጂዩኤስ ወይም ማይሎማ ተረጋግጦ ክትትል የሚደረግለት ሰው በየጊዜው የሚያደርገው ምርመራ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪና በአንድ ዘዴ ቢሆን ይበጃል፤ ፕሮቲንን በቀለም የሚለኩ ዘዴዎች ለላይት ቼይን የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ፣ ቦታ ሲቀየር ቁጥሩ ያለ በሽታው ለውጥ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። ቀዳሚዎቹን የውጤት ወረቀቶች በአንድ ፋይል አድርጎ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይዞ መምጣት የታካሚው ድርሻ ሲሆን፣ የ24 ሰዓቱ ሽንት ጎድሎ ከመጣ ውጤት ከመስጠት ይልቅ እንዲደገም መጠየቅ ደግሞ የላቦራቶሪው ድርሻ ነው።